ፎቶዎቹ ደርቤን ያረሙት ዕለት

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ ሙቀቱን ሽሽት በርና መስኮቷን ዘግታ ጋደም ባለችበት ሰዓት፣ ደርቤ በሕልሙ ራሱን የሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተንጋሎ አገኘው። ዙሪያውን ወንበር ስበው የተቀመጡት ሰዎች አልነበሩም፤ ፎቶዎች ነበሩ። እግራቸውን አነባብረው ሻይ ይጠጣሉ፣ ወደ እሱ ጎንበስ ብለው ያዩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሕልሙን ከመቀጠሌ በፊት ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ፤ አለዚያ ፎቶዎቹ ለምን እንደዚያ እንደጨከኑበት አይገባችሁም።

ደርቤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የራጅ ባለሙያ ነበር። በሥራ ቀን የሰው አጥንት ያነሳል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ አሮጌ ዜኒት ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የባቡር ጣቢያውን ሰዓት፣ የአህያ ጆሮ፣ የልብስ ሰፊዎችን ጣት ሲያነሳ ይውላል። እንደ እሱ ፎቶ ማንሳት ሱስ የሆነባቸው ሰባት ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም በፎቶ እንጀራ አልበሉም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ባለች ሻይ ቤት እሁድ ጠዋት ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ በሳምንቱ ካነሳው አንዲት ፎቶ ብቻ ያመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣታል፤ ሌሎቹ አስተያየት ይሰጣሉ። አስተያየቱም ወግ ነበረው። መጀመሪያ ደግ ቃል፣ ከዚያ እርማት። ደግ ቃል ያልተናገረ ሰው ማረም አይፈቀድለትም። የፎቶው ባለቤት ደግሞ ሁሉም ተናግረው እስኪጨርሱ ትንፍሽ አይልም።

ይህችን የዝምታ ሕግ ያወጣት ራሱ ደርቤ ነው። ያወጣትም በሙክታር ምክንያት ነው። ሙክታር የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ አንዲት የበር ፎቶ ካሳየ የበሩን አናጢ፣ የአናጢውን አጎት፣ እንጨቱ የመጣበትን ጫካ ሳይተርክ አይለቅም።

«አቦ ሙክታር፣ እስቲ ፎቶው ራሱ ይናገር!» አለው ደርቤ አንድ እሁድ። ሕጉ በዚያው ጸደቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀበትም፣ ከሁሉም በላይ ያከበረውም ሙክታር ነበር።

እነዚያ እሁዶች ያምሩ ነበር። እሁዶቹ ብቻም አይደሉም። ቅዳሜ ከሰዓት ደርቤና ሙክታር በሆስፒታሉ የራጅ ጨለማ ክፍል ተዘግተው በቀይ አምፖል ሥር ፎቶ ያጥባሉ። ነጩ ወረቀት ፈሳሹ ውስጥ ሲዋኝ ቆይቶ፣ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ግራጫው፣ በመጨረሻ ፊት ብቅ ሲል፣ ሁለት ሽበት ያወጡ ሰዎች በየሳምንቱ እንደ አዲስ «መጣ! መጣ!» እያሉ ይጮሃሉ። ነርሶቹ ለምደውት ነበር።

በእርማት በኩል ግን ደርቤ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ መቁረጥ። ከራጅ ፊልም ካርቶን ያዘጋጃቸው ሁለት ማዕዘኖች ነበሩት። ፎቶው ላይ ወዲህና ወዲያ እያንሸራተተ ዳር ዳሩን ይከልልና «ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ቁረጠው፤ ፎቶህ ይተነፍሳል» ይላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነበር። መቀሱ የሚል ስም የወጣለት ለዚህ ነው።

ታዲያ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሙክታር አንድ ፎቶ አመጣ። አሮጌ የእንጨት በር፤ ከበሩ በስተቀኝ ጥጉ ላይ ደግሞ ጀርባዋን የሰጠች፣ ሻሽ የተከናነበች አሮጊት፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ መርፌና ክር ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ስታይ። ደርቤ ደግ ቃሉን ተናገረ፤ «የእንጨቱ ጅማት ሳይቀር ይታያል፣ ራጅ ያነሳኸው ነው የሚመስለው» አለ። ከዚያ ካርቶኖቹን አወጣ።

«ያበላሸችው ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ሴትዮ ናት። ዓይን ትሰርቃለች።»

ያን ቀን ጨዋታው ሞቅ ብሎት ስለነበር በቃል አላበቃም። መቀሱን አንስቶ ቀጭ አደረጋት። ሰዎቹ ሳቁ። ሙክታር ሕጉን አክብሮ ዝም አለ። ሁሉም ተናግረው ሲጨርሱም ዝም እንዳለ ሁለቱን ቁራጮች ሰብስቦ ኪሱ ከተተና ሄደ። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም።

ሴትዮዋ የሙክታር እናት፣ እማማ ሐዋ ነበሩ። ደርቤ ቤታቸው ስንት ጊዜ በልቶ ጠጥቷል፤ ከጀርባ ግን አላወቃቸውም። ይህን የሰማው ወራት ቆይቶ ነው። እማማ ሐዋ በዓመቱ አረፉ። ደርቤ ለቅሶ ቤት ሄዶ ድንኳኑ ዳር ተቀመጠና፣ ከሙክታር ጋር ዓይን ለዓይን ሳይገጣጠም ሹልክ ብሎ ወጣ። ይቅርታ ለማለት ዛሬ ነገ ሲል አፈረ፤ ባፈረ ቁጥር ቀኑ ራቀ። በመጨረሻ ሙክታርን ከሩቅ ሲያየው መንገድ መቀየር ጀመረ። ድሬዳዋ ደግሞ ሰው ተሸሽጎ የሚኖርባት ከተማ አይደለችም፤ መንገድ ሲቀይር የኖረ ሰው ጫማ ይጨርሳል።

ትናንት ረፋዱ ላይ ነገር መጣ። ከሰባቱ አንዷ የሆነችው አስናቀች፣ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር፣ ከጥቂት ወራት በፊት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ ከድሮዎቹ የቀሩትን አስገብታ ነበር። ሙክታርም ገብቷል፤ ግን ለወራት አንዲት ቃል አልጻፈም። ትናንት አንድ ፎቶ ለጠፈ። ያው በር፣ ያቺው ጀርባዋን የሰጠች አሮጊት፤ መሃላቸው ከላይ እስከ ታች በፕላስተር ተያይዟል። ከሥሩ አንዲት ቃል ብቻ፤ «አስተያየት?»

በድሮው ወግ የመጀመሪያው ቃል የደርቤ ነው። ስለዚህ ሁሉም ፎቶውን አዩና ደርቤን ጠበቁ። ደርቤ ጻፈ፣ አጠፋ። ጻፈ፣ አጠፋ። ይቺን ቃል ካበላሸ ሙክታርን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም ለዘለዓለም እንደሚያጣው ገብቶታል። ምሳውን እንኳ በቅጡ ሳይበላ አልጋው ላይ ጋደም አለ። እንቅልፍ መቼ እንደጣለው አያውቅም።

እንግዲህ አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። ልንቀሳቀስ ቢል አልቻለም፤ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኗል። ያመጣው ካሜራው ነበር። ዜኒቱ ደርቤን በማሰሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከዚራን እየተጎተተ አቋርጦ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«በዚህ ሳምንት ያነሳሁት ይህን ነው» አለ ካሜራው አንገቱን እያሻሸ። «ድሮ ቀላል ነበር፤ አሁን ከብዶኛል።»

«ባለቤት አይናገርም!» አለው ሰብሳቢው።

ሰብሳቢው የአህያ ፎቶ ነበር። ደርቤ አንድ ክረምት፣ ከዝናብ በኋላ የተጠራቀመ ውኃ ሲጠጣ ያነሳው፣ ስድስት እሁድ ሙሉ የኮራበት አህያ። አሁን መነጽር አድርጓል፣ አፉ አሁንም እርጥብ ነው።

«መጀመሪያ ደግ ቃል» አለ አህያው።

ፎቶዎቹ አሰቡ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አሰቡ። አንድ የመልክዓ ምድር ፎቶ ከማሰብ ብዛት ደመና አወጣ።

«ጆሮው» አለ በመጨረሻ አንድ የሠርግ ፎቶ ቬሎውን እየሰበሰበ። «ጆሮው ደህና ነው። ግራው።»

«የግራ ጆሮ ጸድቋል» አለ አህያው። «እርማት?»

ያን ጊዜ ሁሉም ባንድ አፍ ተንጫጩ።

«ሆዱ ይቆረጥ!»

«ቀኝ ትከሻው ዓይን ይሰርቃል።»

«አንገቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ጭንቅላት ነው? ከሆነ ከፍሬም ውጪ ቢሆን ይሻላል።»

ከሁሉም የባሰው አንድ ጉርድ ፎቶ ነበር። እስካሁን ሳይስቅ፣ ሳይቆጣ፣ ፊት ለፊት አፍጥጦ ቆይቶ ነበር። «ጀርባው ነጭ አይደለም» አለ። «ጀርባው ነጭ ያልሆነ አንቀበልም። ደግሞ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ የተነሳ መሆን አለበት። ይህ ሰውዬ ከተነሳ ስልሳ ስምንት ዓመት ሆኖታል።»

ደርቤ ሊመልስለት ፈለገ። ከንፈሩ አልላቀቅ አለው፤ አፉ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ሰዎች ስለ እሱ ያወራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይስቃሉ፤ እሱ ግን የሆዱን መናገር አይችልም። ለግራ ጆሮው እንኳ አመሰግናለሁ ማለት አልቻለም። ሙክታርን ያን ቀን እንዲህ ነበር ያደረግነው ማለት ነው ብሎ አሰበ።

አህያው ሁለት ካርቶን አነሳና ደርቤ ላይ ወዲህና ወዲያ አንሸራተተ። ጉልበቱን ከለለ፣ ሆዱን ከለለ፣ አንገቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ» አለ። «እዚህ ጋ ብንቆርጠው ይተነፍሳል።»

መቀሱ ማንም ሳይጠራው በሁለት እግሩ እየተራመደ መጣ። ደርቤ የቀረችውን ኃይል አሰባስቦ ከጠረጴዛው ተንሸራተተ፤ ነፋስ ብድግ አደረገውና እግሬ አውጪኝ አለ።

ውጭ ድሬዳዋ ኔጋቲቭ ነበረች። ሰማዩ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ፣ የሽማግሌዎቹ ጢም እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ወጣቶቹ በሙሉ ሸብተዋል። ሰዎች መሬት ላይ ተዘርግተው ይሳባሉ፤ ጥላዎቻቸው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ እየቆሙም ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

«ሰውዬህ እንዴት ነው?» አለ አንዱ ጥላ።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከሰዓት ሲሆን ብቻ ይረዝምብኛል።»

የኒም ዛፎች ጃንጥላ ዘርግተው በእግረኛ መንገድ ያልፋሉ። ቀበሌው በር ላይ ኃላፊዎቹ በፀሐይ ተሰልፈዋል፤ ውስጥ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ብቻዋን ወንበር ላይ ተቀምጣ ታስተናግዳለች። «ነገ ተመለሱ፤ ባለጉዳዩ ስብሰባ ላይ ነው» ትላቸዋለች። አንዱ ኃላፊ ማኅተሙን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ይህ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው እያለ ያለቅሳል። ፍየሎች ትራስ ተደግፈው ጫት ይቅማሉ፣ ስለ ከተማው መንገድ አጥብቀው ይከራከራሉ። ደርቤ ሲያልፍ አንዷ ፍየል ገራባውን፣ የጫቱን ትርፍራፊ፣ ወረወረችለት።

ባቡር ጣቢያው ውስጥ ባቡሩ ሻንጣውን ታቅፎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተሳፋሪዎቹ ሐዲዱ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እያፏጩ መጡ።

«ዘግይታችኋል» አላቸው ባቡሩ ተቆጥቶ። «ድሮ ሰው በሰዓቱ ይደርስ ነበር።»

ደርቤ ያን ፉጨት ያውቀዋል። ድሮ እሁድ ጠዋት ፉጨቱ ከጣቢያው ሲሰማ ሙክታር ሰዓቱን አየት ያደርግና ባቡሩን «ዛሬም ዋሸ!» ይለው ነበር። ያቺን ቃል ለመስማት ብቻ ፉጨቱን የሚጠብቁበት ጊዜ ነበር። ደርቤ ሐዲዱ ዳር ቆሞ ጠበቀ። «ዛሬም ዋሸ» የሚል አልመጣም።

ሄደ ሄደና ሆስፒታሉ ጋ ደረሰ። በር ላይ አጥንቶች ተሰልፈዋል፤ ክንድ፣ ቅልጥም፣ አንድ ትዕግሥት ያለቀበት መንጋጋ።

«ለምንድን ነው የተሰለፋችሁት?» ብሎ በእጁ ምልክት ጠየቀ።

«የሥጋ ፎቶ ልንነሳ» አለው ክንዱ። «ሐኪሙ ውስጣችሁ ደህና ነው፣ ውጫችሁን ሳላይ ግን መድኃኒት አላዝም አለን።»

የለመደው ቤት ነውና ደርቤ ዘው ብሎ ገባ። ወዲያው ይዘው ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ያስተኛበት ጠረጴዛ ነው፤ እንደዚያ እንደሚቀዘቅዝ ግን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። አንድ የጎድን አጥንት ከመስታወቱ ጀርባ ብቅ ብሎ «ተንፍስ!» አለው።

ዕድሜውን ሙሉ ለሰው «አትተንፍስ» ሲል የኖረ ሰው ግራ ገባው።

«ተንፍስ እንጂ! አትያዘው!»

ሊተነፍስ ቢሞክር ጉሮሮው ውስጥ አንዲት ነገር ተቀርቅራ አላስተነፍስ አለችው። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ አጥንቶቹ በብርሃኑ ላይ ዘርግተው ተሰብስበው አዩት።

«ይኸውላችሁ፣ ያልተነገረ ቃል» አለ የጎድን አጥንቱ። «አሥራ አንድ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። አብጣለች።»

«ያሳዝናል» አለ መንጋጋው። «እኔ ብሆን ቀን አላሳድራትም ነበር።»

«መድኃኒቱ እዚህ የለም» አሉት ሁሉም። «ደቻቱን ተሻገር።»

ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አሸዋው እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ውኃው ደግሞ እንደ አሸዋ ደርቆ ቆሟል። ደርቤ ውኃውን እየረገጠ ተሻገረ። ማዶ፣ አይቶት የማያውቀው ሰፈር ነበር። በሕይወቱ ከፎቶ ላይ ቆርጦ የጣላቸው በሙሉ እዚያ ይኖራሉ። የአህያ ኋላ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ፣ ስምንት ክርን፣ የሙሽራ አጎት የግራ ጎን፣ ጅራት ብቻ የሆነ ውሻ፣ አንዲት ባለቤቷ የጠፋባት ካልሲ። ሰፈሩ መሃል የለውም፤ ሁሉም ዳር ነው።

ደርቤ ቆሌው ተገፈፈ። ዛሬ በድንጋይ ይወግሩኛል ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እነሱ ግን እልል አሉ። አፍ የሌላቸው አጨበጨቡ፣ እጅ የሌላቸው በእግራቸው መሬቱን ደበደቡ፣ ጅራቱ ተወዛወዘ።

«መቀሱ መጣ! መሥራቻችን መጣ!»

«አቦ የት ጠፍተህ ነው?» አለው አንዱ ክርን እቅፍ አድርጎ። «ሰው ፎቶውን በስልኩ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ወደዚህ የሚመጣ አዲስ ነዋሪ የለም። ድሮ በየእሁዱ ሦስት አራት እንቀበል ነበር። ጭር አለብን እኮ!»

«ድሮ ጥሩ ነበር» አለች ካልሲዋ፣ እንባዋንም በራሷ ጠረገች።

የአጎቱ ግራ ጎን ግን የደርቤን ፊት አይቶ ገባው። «የመጣኸው ለእኛ አይደለም» አለ። «እናትየውን ፈልገህ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ናቸው።»

እማማ ሐዋ ዱካቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ያቺው ሻሽ፣ ያው ወደ ብርሃን ከፍ ያለ እጅ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመርፌዋን ቀዳዳ ሲፈልጉ ኖረዋል።

«ማን ነው እሱ?» አሉ ሳይዞሩ።

ደርቤ አፉን ነካ። ፕላስተሩ የለም። «ደርቤ ነኝ፣ እማማ።»

«የትኛው ደርቤ? ያ በረመዳን ሾርባዬን ሦስት ጊዜ የሚያስጨምረው?»

«አዎ፣ እሱ ነኝ።»

«ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን ክር አስገባልኝ። ዓይኔ ደክሟል። አንተ የፎቶ ዓይን አለህ ይላሉ።»

ተንበርክኮ መርፌዋን ተቀበላቸው። ክሩን ሲያስጠጋ ቀዳዳዋ ትርቃለች፤ ሲያርቅ ትጠጋለች። አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ።

«እማማ… ያን ቀን ከጀርባ አላወቅኩዎትም።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምን ታደርግ። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። በሩ እኮ የአከራያችን ነው! እኔን ጥለህ የአከራይ በር ታስቀራለህ?» ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ ነበር። ደርቤም ሳቀ፣ ሲስቅም አለቀሰ። እንዲህ ነበሩ በሕይወታቸውም፤ ቤታቸው የገባ ሰው ሳይስቅ አይወጣም ነበር።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ያን ዕለት ልጄ መጣና ምሳውን ሳይበላ ተኛ። አመመው ብዬ ግንባሩን ዳበስኩት። ምን ሆንክ ብለው ምንም አለኝ። ሙክታር እኮ ነው! ያ ወሬኛ! ገበያ ደርሶ ሲመጣ እንኳ የበጉን ዘር ማንዘር ሳይነግረኝ የማይቀመጥ ልጅ! ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ጸጥ አለ። መቆረጤ አይደለም የከፋኝ፣ ወላሂ። ልጄን ዝም አሰኛችሁብኝ።»

ደርቤ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ስለ ሕጉ ሊናገር፣ በቀልድ እንደወጣ፣ ማንንም ለመጉዳት እንዳልሆነ። አንዱም አልወጣለትም። በምትኩ ያቺ የተቀረቀረችው ተስፈንጥራ ወጣች።

«ይቅርታ» አለ።

ቃሏ ከቡጢ ትበልጣለች። አሸዋው ላይ ወድቃ ተንከባለለች። እማማ ሐዋ ሳይዞሩ እጃቸውን ዘርግተው አነሷት፣ አቧራዋን አራገፉ፣ መልሰው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ይቺ የእኔ አይደለችም» አሉት። «ለባለቤቷ አድርስ።»

ክሩም ያን ጊዜ ገባ።

እማማ ሐዋ ሊዞሩ፣ ፊታቸውን ሊያሳዩት ሲሉ፣ ከወንዙ በኩል ጫጫታ ተሰማ። ፎቶዎቹ መጡ። ሠርጉ ቬሎውን አንዘርፍፎ፣ ጉርዱ ፎቶ ሳይስቅ፣ አህያው ከፊት ሆኖ፤ ከኋላቸው እንደ በር የረዘመ መቀስ አራት ሆነው ተሸክመዋል። ያቺን በፕላስተር የተያያዘች ፎቶም ይዘዋታል፤ አሸዋው ላይ ቢዘረጓት ኳስ ሜዳ አከለች። በሩ ላይ ሙክታር ቆሟል። አፉ ላይ ፕላስተር አለ።

«ሥራው በግማሽ ቀርቷል» አለ አህያው መነጽሩን እያስተካከለ። «እናትየዋ ተቆርጣለች፣ ልጁ ቀርቷል። ሚዛን የለውም። የቀረውንም እንቆርጠዋለን። ደርቤ፣ በወጉ መሠረት የመጀመሪያው ቃል ያንተ ነው። የት ጋ?»

መቀሱን በእጁ አስያዙት። የሚያሳፍረው ነገር፣ እጁ ልማዱን አልረሳም። ጣቶቹ ያለ እሱ ፈቃድ ተከፈቱ፣ ዓይኑም ያለ እሱ ፈቃድ ልኩን ፈለገ። ሙክታር ከበሩ ላይ ያየዋል። አይለምነውም፣ አይቆጣም፤ እንደዚያ እሁድ ጸጥ ብሎ ያየዋል። ሕጉን ያከብራል።

ደርቤ መቀሱን ወርውሮ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«አትቁረጡት! እናቱ ናቸው! ይቅርታ፣ ሙክታር! ተናገር፣ እናቴ ናት በላቸው! ተናገር እንጂ!»

አሸዋው ከሥሩ ተንቀጠቀጠ፣ ደረቱም አብሮ ተንቀጠቀጠ፣ ነቃ።

የሚንቀጠቀጠው ደረቱ ላይ የተኛው ስልክ ነበር። መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ ላብ በላብ ሆኗል። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ነው። ግሩፑን ከፈተና በድንጋጤ ቁጭ አለ። ለካ ከመተኛቱ በፊት፣ በጽሑፍ አልሆን ሲለው በድምፅ ልናገር ብሎ የማይክ ምልክቷን ተጭኖ፣ ምን ልበል እያለ ሲያስብ እንቅልፍ ወስዶት ኖሯል። ስልኩ ዝም ብሎ ቀድቶ፣ ሲጮህ ሲወራጭ ደግሞ ጣቱ ላክ የምትለዋን ነክቷታል። የሙክታር ፎቶ ሥር፣ የደርቤ የመጀመሪያ ቃል በሚጠበቅበት ቦታ፣ የሃምሳ ሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ተጋድሟል። በሕልሙ ጮኾ ወዲያው የነቃ ቢመስለውም፣ መልእክቱ ከተላከ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል።

ከሥሩ አስናቀች ጽፋለች። «ደርብዬ ደህና ነህ? ሃያ ደቂቃ ሰማሁት፣ ማንኮራፋት ብቻ ነው።»

ሌላው ደግሞ ቀጥሏል። «ደግ ቃል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እርማት፤ በጎኑ ይተኛ።»

ደርቤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። መልእክቱ የሚጠፋበትን ቦታ መፈለግ ጀመረ። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆ፣ ለሙክታር የላከለት ማንኮራፋት! ያን ጊዜ ነው ስልኩን ያንቀጠቀጠችውን፣ የመጨረሻዋን መልእክት ያየው። የሙክታር ነበረች።

«እስከ መጨረሻው ሰማሁት። እሁድ ስንት ሰዓት ነው?»

ደርቤ ሁለቴ አነበባት፣ ሦስቴ አነበባት። እሁድ የሚባል ነገር ከቀረ ስድስት ዓመት አልፏል። ከሰባቱ ሁለቱ ሞተዋል። ሻይ ቤቷ ተዘግታለች። እሱ ራሱ በዚያ መንገድ ማለፍ ከተወ ቆይቷል፤ ያ ዛፍ ይኑር አይኑር እንኳ አያውቅም። ለሙክታር ግን ይህን የነገረው ሰው የለም።

«እንደ ድሮው፣ ሦስት ሰዓት» ብሎ ጻፈና ላከው። ከዚያ ጫማውን አድርጎ፣ ዛፉ መኖሩን ሊያይ በዚያ ፀሐይ ወጣ።